ሁለት ሪል ታዝዞ አምስት ሪል የመጣው የካውቦይ ፊልም፦ የ«ስትሬት ሹቲንግ» ጉዳይ ጥናት

ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ በ1917 ከአንድ የ23 ዓመት ወጣት ዳይሬክተር ያዘዘው ሁለት ሪል፣ ማለትም ሁለት ጥቅል የሚሆን የካውቦይ ፊልም ነበር። እጁ የገባው ግን አምስት ሪል ነው። ፊልሙ «ስትሬት ሹቲንግ» ይባላል። ዳይሬክተሩ ያኔ በፊልሞቹ ላይ ስሙ ጃክ ፎርድ ተብሎ ይጻፍ የነበረው፣ በኋላ ዓለም ጆን ፎርድ ብሎ ያወቀው ሰው ነው። የመጀመሪያው ረጅም ፊልሙ ይኸው ነው። ድምፅ የለውም፤ ዛሬ በሚገኘው ቅጂ አንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ይፈጃል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ፎርድ በተወራ ቁጥር የሚጠቀሱት የ1939ኙ «ስቴጅኮች» እና የ1956ቱ «ዘ ሰርቸርስ» ናቸው። በእነዚያ ፊልሞች የሚደነቁት ነገሮች አብዛኞቹ በዚህ ፊልም ውስጥ አሉ፦ ከጨለማ ክፍል በበር በኩል የሚታየው ሜዳ፣ ከኮረብታ ጫፍ ሆኖ ቁልቁል የሚያየው ፈረሰኛ፣ የመቃብር ዳር ዝምታ። ይህን ብዙዎች ብለውታል። እዚህ የምናነሳው ጥያቄ ጠበብ ያለ ነው፦ ያልታዘዙት ሦስት ሪሎች ምን ላይ ዋሉ? ታሪኩ ብቻውን ሁለት ሪል ይበቃው ነበር። የቀረው ፊልም የት እንደገባ ስንቆጥር የሰውየው አሠራር ይገለጣል።

ታሪኩ

ተንደር ፍሊንት የሚባል ከብት አርቢ (ዱክ ሊ) ሸለቆውን ሁሉ ለከብቶቹ ይፈልጋል። ገበሬዎቹን ለማስለቀቅ ውኃ ይከለክላል። ሽማግሌው ስዊትዋተር ሲምስ (ጆርጅ በሬል) ከሴት ልጁ ከጆን (ሞሊ ማሎን) እና ከወንድሟ ከቴድ (ቴድ ብሩክስ) ጋር እርሻው ላይ ሙጭጭ ብሏል። ቴድ ውኃ ሊቀዳ ወርዶ ሳለ ፍሬሞንት የተባለ የፍሊንት ነፍሰ ገዳይ (ቬስተር ፔግ) አድፍጦ ይገድለዋል። ፍሊንት ሲምስን ጨርሶ ለማስለቀቅ ሌላ ሰው ይቀጥራል፤ እሱም በራሱ ላይ ገንዘብ የተቆረጠበት ሽፍታ ሻየን ሃሪ (ሃሪ ኬሪ) ነው። ሃሪ ለሥራው ሲመጣ ቤተሰቡን ልጃቸውን ሲቀብሩ ያገኛቸዋል። ልቡ ይሰበራል፤ ወገኑንም ይለውጣል። ከፍሬሞንት ጋር ጎዳና ላይ ይታኮሳል፤ የፍሊንት ሰዎች የሲምስን ቤት ሲከቡ የድሮ ሽፍታ ጓደኞቹን አሰልፎ ይደርስላቸዋል።

ይህ ያኔ በየሳምንቱ ይመረት የነበረ ዓይነት ታሪክ ነው። የጻፈው ጆርጅ ሃይቭሊ፣ ካሜራውን የያዘው ጆርጅ ስኮት ነው። ሁት ጊብሰንም አለበት፤ የፍሊንት ሠራተኛ ሆኖ ግን ጆንን የሚወደውን ሳም ተርነርን ይጫወታል። ጊብሰን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ራሱ የካውቦይ ፊልም ኮከብ ሆነ።

የሪል ሂሳብ

አንድ ሪል 35 ሚሊሜትር ፊልም ቢበዛ 1,000 ጫማ ያህል ነው፤ 305 ሜትር ገደማ። በአንድ ጫማ ላይ 16 ፍሬም፣ ማለትም 16 ነጠላ ምስል ይገባል። ካሜራው በእጅ የሚዘወር ስለነበር ፍጥነቱ የካሜራማኑ ክንድ ያህል ነው፦ አንድ ዙር 8 ፍሬም ይወስዳል፤ በሰከንድ ሁለት ዙር 16 ፍሬም ማለት ነው። በዚህ ፍጥነት አንድ ሙሉ ሪል 16 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ይፈጃል። በ18 ፍሬም ቢታይ ከ15 ደቂቃ ትንሽ ያንሳል፤ በ24 ደግሞ 11 ደቂቃ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ሁለት ሪል ማለት በጊዜው ፍጥነት ግማሽ ሰዓት አካባቢ ነው። አምስት ሪል ከአንድ ሰዓት በላይ ነው፤ ለተመልካቹ የምሽቱ ዋና ፊልም ይሆናል።

ልዩነቱ የርዝመት ብቻ አልነበረም። የሁለት ሪል ፊልም ለሲኒማ ቤቱ ማሟያ ነው፤ ከዜናና ከአስቂኝ አጭር ፊልም ጋር ተዳብሎ ይታያል። የአምስት ሪል ፊልም በስሙ ይሸጣል። ዩኒቨርሳል ፊልሞቹን በየደረጃው የንግድ ስም እየሰጠ ያከፋፍል ነበር፤ «ስትሬት ሹቲንግ» ኦገስት 27 ቀን 1917 የወጣው «በተርፍላይ» በሚለው ስም ነው።

ትርፉ ጥሬ ፊልም እንዴት ተገኘ? ከዚያ የቀረጻ ቡድን የወጣው ወሬ እንዲህ ይላል፦ ፎርድና ኬሪ የተሰጣቸው ፊልም ሲያልቅባቸው፣ ፊልሙ ወንዝ ውስጥ ወድቆብናልና 4,000 ጫማ ላኩልን ብለው ለስቱዲዮው አስታወቁ፤ ተላከላቸውም። አምስቱ ሪል ሲቀርብ የስቱዲዮው ሰዎች ወደ ሁለት ይቆረጥ አሉ። የዩኒቨርሳል ባለቤት ካርል ሌምሊ ግን አይቶት ወደደውና፣ ልብስ ሰፊ ሙሉ ልብስ ላዘዘው ሰው ተጨማሪ ሱሪ በነፃ ቢሰጠው ይመልስለታል ወይ በሚል ምሳሌ ሳይነካ እንዲወጣ አደረገ። ፎርድ ወሬ አሳምሮ በመናገር የታወቀ ሰው ስለሆነ ይህን በጥርጣሬ መስማት ተገቢ ነው። ነገር ግን ቁጥሩ እውነት ከሆነ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ይነግረናል። የተጨመረው 4,000 ጫማ ነው፤ በፊልሙ ላይ የጨመረው ርዝመት ደግሞ 3,000 ጫማ ገደማ። በሌላ አነጋገር ከአራት ጫማ ሦስቱ ስክሪን ላይ ወጥቷል። ድጋሚ ቀረጻ የለም ማለት ይቻላል። ፎርድ በኋላ ዘመኑ አንድ ትዕይንት አንዴ ቀርፆ በማለፍ ታዋቂ ነበር፤ መነሻው እንዲህ ያለ የፊልም ቁጠባ ሳይሆን አይቀርም።

ሦስቱ ሪል የት ገቡ

ሰው የሚጠብቀው ትርፉ ፊልም ተጨማሪ ግልቢያና ተጨማሪ ተኩስ ላይ እንዲውል ነው። ግልቢያና ተኩስ በእርግጥ አለ። የሚበዛው ርዝመት የገባው ግን ሰዎች ምንም በማያደርጉበት ቦታ ነው፤ ይህን ለማየት የቴድን ሞት ተከትሎ የሚመጣውን ክፍል መመርመር ይበቃል።

ልጁ ይገደላል። በሁለት ሪል ፊልም ቀጣዩ ሾት (ሳይቆረጥ የሚታይ አንድ ቀረጻ) ፈረስ ላይ የወጣ ተበቃይ ይሆን ነበር። እዚህ ቀብር ይመጣል። ሽማግሌው አባትና ልጅቱ መቃብሩ ዳር ናቸው፤ ሃሪ ሊያባርራቸው የመጣ ሰው ሆኖ ሳለ ይደርስባቸዋል። ፎርድ ሃሪን ወዲያው ወደ መሃል አያስገባውም። ለየብቻ ያሳያቸዋል፦ ሐዘንተኞቹን፣ ከዚያ ተመልካቹን ሃሪን፣ ከዚያ እንደገና ሐዘንተኞቹን። ኬሪ ፊቱን አያጨማድድም፤ እጁንም አያወናጭፍም። በዚያ ዘመን አብዛኛው የፊልም ትወና ከቲያትር የመጣ ስለነበር ሐዘን በክንድ ነበር የሚገለጸው። ኬሪ ቆሞ ያያል። ተመልካቹ የሃሪን ሐሳብ መለወጥ የሚረዳው ከሾቶቹ ቅደም ተከተል ነው፤ ስክሪን ላይ የሚነበብ ጽሑፍ ባይኖርም ይገባዋል።

ከዚያ ቤት ውስጥ ጆን ዕቃ ስታነሳ የወንድሟ ሳህን እጇ ላይ ይቀራል። ደረቷ ላይ ታቅፈዋለች። በቃ፤ ሌላ ነገር የለውም። በታሪኩ ላይ የሚጨምረው መረጃ ዜሮ ነው፤ ቴድ መሞቱን ቀድመን አውቀናል። አንድ ቆጣቢ አዘጋጅ መጀመሪያ የሚቆርጠው ይህን ነበር። ፎርድ እስከ ሥራው ዘመን ማብቂያ ድረስ እንዲህ ያሉ የቤት ዕቃዎች ላይ ሐዘንን ማሳረፍ አልተወም፤ ተዋናዩ የሚነካው ነገር ካለው እንባ መጥራት አያስፈልገውም።

ሦስተኛው ቦታ መጠጥ ቤቱ ነው። ሃሪ እና ፍሬሞንት፣ በኋላ የሚታኮሱት ሁለት ሰዎች፣ መጀመሪያ አብረው ይጠጣሉ። ፎርድ ሁለቱን እንደ ሥራ ባልደረቦች ያሳያቸዋል፤ ስካሩም ቀልድ አለበት። ጥቅሙ ከብዙ ደቂቃ በኋላ ነው የሚታየው፦ ጎዳናው ላይ የሚገናኙት ሰዎች ይተዋወቃሉ። ባይተዋወቁ ኖሮ ተኩሱ ሥርዓት ብቻ ይሆን ነበር።

በአንጻሩ ግልቢያው ብዙ አዲስ ነገር የለበትም። ቤቱ ሲከበብ ቆራርጦ የማሳየት ዘዴው፣ ማለትም ውስጥ ያሉት፣ ከውጭ የሚዞሩት፣ በሩቅ የሚጋልቡት አዳኞች፣ በቀጥታ ከዳይሬክተሩ ከዴቪድ ዋርክ ግሪፊዝ የተወረሰ ነው። ፎርድ ራሱ በግሪፊዝ የ1915 ፊልም ላይ ከጋላቢዎቹ አንዱ ሆኜ ሠርቻለሁ ይል ነበር። እዚህ ላይ ተማሪ ነው፤ በደንብ የተማረ ተማሪ፣ ግን ተማሪ።

በሩና የብርሃኑ ችግር

ፎርድን በአንድ ምስል ግለጽ የተባለ ሰው በሩን ይጠራል፦ ካሜራው ክፍል ውስጥ ነው፣ ዙሪያው ጨለማ፣ በበሩ በኩል ሜዳውና ፈረሰኛው ይታያሉ። በ«ስትሬት ሹቲንግ» የሲምስ ቤት በር እንዲህ ተቀርጿል። ስለ ትርጉሙ ብዙ ተጽፏል፤ እንዴት እንደሚሠራ ግን ብዙም አይነገርም።

በጠራራ ፀሐይ ያለ ሜዳና ትንሽ መስኮት ባለው ቤት ውስጥ ያለው ብርሃን ልዩነት በቀላሉ 6 ስቶፕ ይደርሳል፤ እያንዳንዱ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ስለሚያደርገው ያም 64 እጥፍ ነው። የ1917 ፊልም ሁለቱን አንድ ላይ አይችላቸውም። ካሜራማኑ ለውጭው ከለካ ክፍሉ ድፍን ጥቁር ይሆናል፤ ለክፍሉ ከለካ በሩ ነጭ ወረቀት ይመስላል። ፎርድ የሚመርጠው የመጀመሪያውን ነው። ጥቁሩን እንደ ጉድለት አልቆጠረውም፤ የምስሉ ክፈፍ አደረገው። ሰፊው ሜዳ በጥቁር ተከብቦ ጠባብ ሲሆን ዓይን የት እንደሚያርፍ ይታወቃል።

ችግሩ ሰው ሲገባ ይመጣል። ከውጭ የሚመጣው ሰው ደፉን እንዳለፈ ፊቱ ይጠፋል፤ ጥላ ብቻ ይቀራል። የዘመኑ መፍትሔ ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው ተዋናዩን ደፉ ላይ ማቆም ነው፦ ከጎን የሚመጣው ብርሃን ግማሽ ፊቱን ይይዘዋል፣ ከዚያ ወዲያ አይራመድም። ሁለተኛው ቤቱን ቤት አለማድረግ ነው። በዚያን ጊዜ «ክፍል ውስጥ» የሚባለው ትዕይንት አብዛኛው ጣሪያ በሌለው ግንብ ውስጥ ደጅ ላይ ይቀረፅ ነበር፤ ከላይ ስስ ነጭ ጨርቅ ተዘርግቶ የፀሐዩን ጥላ ያለሰልሳል፣ ከጎን ደግሞ ነጭ ወይም ብርማ ሰሌዳ ብርሃን ይመልሳል። ጥሩ ሲሠራ አይታወቅም። ነፋስ ሲኖር ይጋለጣል፦ በዝምተኛ ዘመን ፊልሞች ሳሎን ውስጥ የጠረጴዛ ልብስ የሚወዛወዘው በዚህ ምክንያት ነው።

የትኩረቱ ጉዳይ ቀላል ነው። የዘመኑ መደበኛ ሌንስ 50 ሚሊሜትር ገደማ ነበር። በፀሐይ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 11 ላይ ሲዘጋ (ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል)፣ ትኩረቱ 7 ሜትር ተኩል አካባቢ ላይ ከተቀመጠ፣ ከ4 ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ አድማስ ሁሉም ነገር ጥርት ይላል። ስለዚህ በሩም፣ አጥሩም፣ 200 ሜትር ርቆ የሚመጣው ፈረሰኛም በአንድ ሾት ይነበባሉ። በዛሬ ካሜራ ይህን መሥራት የሚፈልግ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ሌንሱን እስከ ኤፍ 2 ከፍቶ ጀርባውን ያደበዝዛል፤ ያኔ በሩ ጌጥ ይሆናል። የፎርድ በር የሚሠራው የጀርባው ሜዳ በግልጽ ሲነበብ ብቻ ነው።

ነጭ ሰማይ

ጥሬ ፊልሙ ኦርቶክሮማቲክ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ለሰማያዊና ለአረንጓዴ ይነቃል፣ ቀይን አያይም ማለት ይቻላል። ሰማያዊ ሰማይ በላዩ ነጭ ይወጣል፤ ደመና አይለይም። ቢጫ ማጣሪያ ትንሽ ይረዳል፤ ግን ብርሃን ይበላል፣ ፊልሙም ድሮውኑ ቀርፋፋ ነው። በፀሐይ የተቃጠለ ቆዳ ይጠቁራል፤ ከንፈርም እንዲሁ። ሰማያዊ ዓይን ደግሞ ገርጥቶ ባዶ ይመስላል። ሁሉንም ቀለም የሚያየው ፓንክሮማቲክ ፊልም በስቱዲዮዎቹ የተስፋፋው ከ1920ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ነው።

ነጭ ሰማይ ያለው ሰው ምን ያደርጋል? ፎርድ ፈረሰኛውን ኮረብታ ጫፍ ላይ ያወጣዋል። ነጭ ላይ ጥቁር ቅርጽ፤ ባርኔጣው፣ የፈረሱ አንገት፣ ጠመንጃው በግልጽ ይለያሉ። ፊልሙ ሲጀምር ፍሊንትን ከከፍታ ላይ ሆኖ መንጋውንና መሬቱን ሲያይ እናገኘዋለን፤ ባለቤትነቱን ለማስረዳት ጽሑፍ አላስፈለገም። በኋላ ዘመን ፎርድ በአሜሪካ በረሃ በሞኒዩመንት ቫሊ ደመና የተሞላ ሰማይ ሲያገኝም ሰውን አድማስ ላይ የማቆም ልማዱን አልተወም።

የጎዳናው ፍልሚያ

ይህን ክፍል ፍሬም በፍሬም ማየት ይገባል። ሃሪ እና ፍሬሞንት ጎዳናው ላይ ይፈላለጋሉ። የከተማው ሰው መንገዱን ይለቃል። ሁለቱም የያዙት ጠመንጃ ነው፤ ሽጉጥ በቅጽበት የመምዘዝ ትርኢት የለም። ፎርድ በሰፊ ሾት ይጀምርና ርቀቱን ያስተምረናል፦ ማን የት እንዳለ፣ መሃላቸው ስንት እርምጃ እንዳለ። ከዚያ ሰዎቹ ሲቀራረቡ ሾቶቹም ይቀርባሉ። መጨረሻ ላይ ስክሪኑን የሚሞላው ፊት፣ ይልቁንም ዓይን ነው። ይህ የጣሊያናዊው ሰርጂዮ ሊዮኔ መለያ ተደርጎ የሚቆጠር ዘዴ ነው፤ ሊዮኔ የመጀመሪያ ካውቦይ ፊልሙን ከመሥራቱ ከ45 ዓመት በላይ ቀድሞ እዚህ አለ።

ሥራው ቀላል አልነበረም። ዙም ሌንስ የለም፤ እያንዳንዱ መቅረብ ካሜራውን ከነእግሩ ማንሳት፣ እንደገና መትከል፣ ርቀቱን በሜትር መለካት፣ ብርሃኑን መመለስ ነው። ዓይን ብቻ ለመሙላት ካሜራው ከፊቱ ከአንድ ሜትር በታች መጠጋት አለበት። በዚያ ርቀት ተዋናዩ ጭንቅላቱን ትንሽ ቢያነቃንቅ ምስሉ ብዥ ይላል። በተጨማሪም ፀሐይ ትሄዳለች፦ ሰፊው ሾት ጠዋት፣ ክሎዝ አፑ (ፊት የሚሞላው ቅርብ ሾት) ከሰዓት ከተቀረፀ ጥላው ጎኑን ይለውጣል፣ ሁለቱ ሲቀጠሉ ዓይን ይረበሻል። መድኃኒቱ ቅርብ ሾቶችን ሰፊው ሾት በተቀረፀበት ሰዓት አጠገብ መጨረስ ነው፤ አለበለዚያ ተዋናዩን አዙሮ ፀሐዩ ከመጀመሪያው ጎን እንዲመታው ማድረግ፣ ጀርባው ላይ ያለውን ደግሞ በቅርበቱ መደበቅ። ክሎዝ አፕ ይህን ማጭበርበር ይፈቅዳል፤ ሰፊ ሾት አይፈቅድም።

ሃሪ ኬሪ እና ቦታው

የዚያ ዘመን የካውቦይ ኮከቦች አለባበስ ይታወቃል፤ ቶም ሚክስ ነጭ ትልቅ ባርኔጣና ያሸበረቀ ሸሚዝ ለብሶ ይወጣ ነበር። ኬሪ የለበሰው አቧራ የጠጣ የሠራተኛ ልብስ ነው፤ ሽጉጡን የሚሰካው ወገቡ ላይ ነው። የሚገባበትም መንገድ የጀግና አይደለም፦ ዛፍ ላይ የተለጠፈ «ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ እናያለን፣ ከዚያ ከዚያው ዛፍ ቦርቦር ውስጥ የሚፈለገው ሰውዬ ራሱን አውጥቶ የራሱን ዋጋ ያነባል። ከፊልሙ አስቂኝ ቦታዎች ሁሉ ይህን የሚያክል የለም፤ ኮከቡን ዝቅ አድርጎ ማስተዋወቅ ደግሞ ፎርድ ደጋግሞ የተመለሰበት ነገር ነው።

ኬሪ አንድ ልማድ ነበረው፤ ሲያስብ በአንድ እጁ የሌላኛውን ክንድ ክርኑ ላይ ይይዛል። በ1956 በ«ዘ ሰርቸርስ» መጨረሻ ጆን ዌይን በር ላይ ቆሞ ያንኑ አደረገ፤ ለኬሪ መታሰቢያ ነው። ኬሪ በ1947 ሞቷል፤ ሚስቱ ኦሊቭ ኬሪ ግን በዚያው ፊልም ተዋናይ ነበረች። ፎርድ እና ኬሪ ከ1917 እስከ 1921 ድረስ 25 ያህል ፊልም አብረው ሠርተዋል።

ቀረጻው የተካሄደው ከሎስ አንጀለስ በስተሰሜን በኒውሆል አካባቢ ነው። የሃሪ ጓደኞች የሚሰባሰቡበትና የሚያልፉበት ጠባብ ገደል ቢልስ ከት ይባላል። በ1850ዎቹና በ1860ዎቹ በሰው እጅ የተቆፈረ የሠረገላ መንገድ ሲሆን ግድግዳው እስከ 90 ጫማ ይደርስ ነበር። ለካሜራ ያለው ጥቅም ግልጽ ነው፦ ብዙ ፈረሰኛ ማሰማራት ለማይችል ቡድን፣ ጠባብ መተላለፊያ ጥቂቱን ሰው ብዙ ያስመስላል፤ ሁሉም በአንድ ቀዳዳ ስለሚያልፉ ማለቂያ የላቸውም። ፎርድ በ1924ቱ «ዘ አይረን ሆርስ» እና በ«ስቴጅኮች» ወደዚያው ተመልሷል። በ1994ቱ የኖርዝሪጅ የመሬት መንቀጥቀጥ ገደሉ በከፊል ተደርምሷል።

ቅጂው፦ ምን ይታመናል፣ ምን አይታመንም

የሌምሊ ቃል ለዘላለም አልጸናም። ዩኒቨርሳል በ1925 ፊልሙን ወደ ሁለት ሪል ቆርጦ እንደገና አወጣው፤ ከስምንት ዓመት በፊት ያዘዘውን ርዝመት በመጨረሻ አገኘ። በ1948 ደግሞ ስቱዲዮው የቀሩትን የዝምተኛ ዘመን ኔጋቲቮቹን (ቅጂ የሚወጣባቸውን ዋና ፊልሞች) አጠፋ። ያኔ ይሠራበት የነበረው ናይትሬት ፊልም በቀላሉ የሚቀጣጠል፣ ሲያረጅ የሚሟሟና የሚያጣብቅ፣ ለማስቀመጥም ውድ ነው፤ በውስጡ ያለው ብር ደግሞ ዋጋ አለው። ለሒሳብ ሹም ውሳኔው ከባድ አልነበረም። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ባወጣው ጥናት መሠረት ከ1912 እስከ 1929 ከወጡት ወደ 11,000 የሚጠጉ የአሜሪካ ረጅም ፊልሞች 70 በመቶው ጠፍተዋል፤ በመጀመሪያ መልካቸው ሙሉ ሆነው የቀሩት 14 በመቶ ብቻ ናቸው።

«ስትሬት ሹቲንግ» ከጥፋት ያመለጠው በውጭ አገር ቅጂ ነው። በ1966 በፕራግ በቼኮዝሎቫኪያ የፊልም መዝገብ ቤት ተገኘ። የካውቦይ ፊልም ወደ አውሮፓ ሲላክ የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ወጥቶ በአገሩ ቋንቋ ይተካ ነበር። ስለዚህ ከውጭ አገር ቅጂ በመነሣት ፎርድ ቃላትን እንዴት ይጠቀም እንደነበር መፍረድ አደገኛ ነው፤ ምስሉን ማመን ይሻላል።

መጨረሻውም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አሁን ባለው ቅጂ ሃሪ ለመቆየትና ለመሄድ ያመነታል፣ ጆንን ለሳም የሚተውለት ይመስላል፣ ከዚያ ደግሞ እሱና ጆን አብረው ይታያሉ። አንዳንድ አጥኚዎች ከጊዜ በኋላ የተነካካ ነው ይላሉ። ከዚህ ቀደም የነበረው የሃሪ አካሄድ ሁሉ ወደ መሄድ ያዘነብላል፤ የመጨረሻዋ ደስታ የተለጠፈች ትመስላለች። «የፎርድ ጀግና ቤት አይኖረውም» የሚል ድምዳሜ በዚህ ፊልም ላይ ማቆም የሚፈልግ ሰው ግን ማስረጃው ቀጭን እንደሆነ ይወቅ።

የምስሉ ጥራት በ2020 ዩኒቨርሳል በ4ኬ፣ ማለትም በከፍተኛ የዲጂታል ጥራት ካደሰው ወዲህ በጣም ተሻሽሏል። በኢንተርኔት የሚዞሩት አሮጌ ቅጂዎች ሁለት ችግር አለባቸው። አንደኛው ጥቁርና ነጩ ተጋንኗል፤ በሩ ላይ ያለው ሜዳ ነጭ ሆኖ ይጠፋል፣ ያኔ ከላይ ስለ በሩ የተባለው ሁሉ አይታይም። ሁለተኛው ፍጥነቱ ነው። በ18 ፍሬም ልክ የሚታይ አንድ ደቂቃ በ24 ሲሮጥ 45 ሰከንድ ይሆናል። ግልቢያው ላይ ይህ ያን ያህል አይጎዳም፤ እንዲያውም አንዳንድ ተመልካች ይወደዋል። የሚጎዳው ቀብሩና ሳህኑ ላይ ነው፦ ኬሪ ቆሞ የሚያይበት ጊዜ ሩቡ ይቆረጣል፣ የጆን እጅ ይቸኩላል፣ ሐዘኑ ወደ ሳቅ ይጠጋል። ቅጂው በትክክለኛ ፍጥነት መሆኑን ለማወቅ ፈረሱን ሳይሆን በእግሩ የሚሄደውን ሰው ማየት ነው፤ ፈረስ ሲፈጥን ያታልላል፣ ሰው ሲራመድ ግን ወዲያው ይታወቃል። ሽማግሌው ሲምስ ግቢውን ሲያቋርጥ የሽማግሌ እርምጃ ካልሆነ ሌላ ቅጂ መፈለግ ነው።